ዘመን ያጣው የጭቃ ጦር

ጦሩ ተሰልፎ አልቋል፤ የጠፋው ዘመኑ ነበር።

ጂንካ ውስጥ ከድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ፊት ለፊት የኸይሩ የስልክ መሸጫ አለ። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ሦስት ኮምፒውተሮች ተደርድረው ዘሪቱ ለማ የሠራችው ጌም ይታይባቸዋል። ስክሪኑ ላይ ያለው የጦር ሜዳ ግን ሜዳ አይመስልም፣ ጠረጴዛ ነው። የጠረጴዛው ጠርዝ ይታያል። ኮረብታው ከካርቶን ተቆርጦ የተለጠፈ ነው። ወታደሮቹ ጣት የሚያህሉ የጭቃ ሰዎች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው በክብ መቆሚያ ላይ ተተክለዋል። ወታደሩ ሲሄድ እግሩን አያነሳም፤ የማይታይ እጅ እንዳነሳው ሁሉ ብድግ ብሎ ትንሽ ራቅ ብሎ ቁጭ ይላል። ሲመታም ደም የለም፤ በጎኑ ይወድቅና ጠረጴዛው "ቋ" ይላል። ይህችን "ቋ" ለመቅዳት ኸይሩ አንድ ሙሉ ከሰዓት የጭቃ ወታደር ሲጥል ውሏል።

ሐሳቡን ያመጣው እሱ ነው። ፈረንጆች ትናንሽ ወታደሮችን በቀለም አስጊጠው፣ ጠረጴዛ ላይ አሰልፈው፣ ርቀቱን በሜትር እየለኩና ዳይስ እየጣሉ ሲዋጉ በቪዲዮ አይቶ ነበር። እንዲህ ያለውን አሻንጉሊት ከውጭ ማስመጣት የማይታሰብ ነው። በኮምፒውተር መሥራት ግን ይቻላል፤ ዘሪቱ አርባ ምንጭ ተምራ የመጣችው ይህንኑ ነው። ጭቃውን የያዙት ደግሞ ሁለቱንም ሥዕል ያስተማሩት መምህር መኮንን ናቸው። ሁለቱም ዛሬም "ቲቸር" ነው የሚሏቸው።

ቲቸር አባታቸው ዲመካ በፖሊስነት ተመድበው ስለነበር ያደጉት እዚያ ነው። ከሐመር ልጆች ጋር ከወንዝ ዳር ጭቃ እያመጡ በሬ ሲሠሩ ነው እጃቸው የተፈታው። አሁን የወታደሩን ገላ በቅርጽ ማውጫ ያወጡና አንገቱና የእጁ አንጓ ላይ ቀዳዳ ይተዋሉ። ጭንቅላትና እጅ ለብቻ ይሠራል፣ በክብሪት እንጨትም ይሰካል። ጭንቅላቱን ነቅለው ሌላ ሲሰኩበት ባለ ጥምጥም የነበረው ባለ ቁር ይሆናል። ተቀብቶ ሲደርቅ በብስክሌት ጎማ እምብርት ላይ አቁመው እያዞሩ በየአቅጣጫው በስልክ ፎቶ ያነሱታል፤ ዘሪቱ ከፎቶዎቹ ኮምፒውተር ውስጥ የሚቆመውን ሰው ታወጣለች።

ሁሉም አለ። ሕጉ አለ፣ የጠላትን ሹም ቀድሞ የጣለ ያሸንፋል፤ ጠረጴዛው አለ፣ "ቋ"ውም አለ። ጦሮቹ ግን እስካሁን ቀይና አረንጓዴ ብቻ ነበሩ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የጌም አሳታሚ ናሙናውን አይቶ ማክሰኞ ዕለት በቴሌግራም መልስ ላከ። "ወደድነው። ግን ይህ ጦር የማን ነው? በየትኛው ዘመን ነው የሚዋጋው? አንድ ዘመን ምረጡና እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በቪዲዮ አሳዩን" ይላል።

ዘሪቱ መልእክቱን ሦስቴ አነበበችው። ለሷ እሑድ ከእሑድነት በላይ ነበር። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያነት ቦታ አግኝታለች፤ ሰኞ ጠዋት ቀርባ ካልፈረመች ለተጠባባቂው ይሰጣል። አባቷ አቶ ለማ ነገሩን በአጭሩ ነበር የቋጩት፦ "እስከ እሑድ ጌምሽ ሰው ካገኘ የራስሽ ጉዳይ ነው። ካላገኘ ሰኞ ትፈርሚያለሽ።" እሷም እሺ ብላለች። ዘሪቱ ደግሞ እሺ ያለችውን አታፈርስም። ከፈረመች ጌሙ ምን እንደሚሆን ሦስቱም ያውቃሉ። ያለሷ አንድ የጭቃ ሰው እንኳ ከቦታው አይነሳም።

ረቡዕ ከሰዓት ዘመን ለመምረጥ ተቀመጡ።

"የኢማም አሕመድ ዘመን" አለ ኸይሩ፣ ገና ወንበሩን ሳያስተካክል። "ነፍጥ አለ፣ መድፍ አለ፣ ቱርክ አለ፣ ፖርቱጋል አለ፣ ፈረሰኛማ ሞልቷል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?"

"የግራኝን ዘመን ማለትህ ነው" አሉ ቲቸር ከሚቀቡት ጋሻ ላይ ቀና ሳይሉ።

"ያው ነው እኮ።"

"ያው ከሆነ ጌሙ መክፈቻ ቁልፍ ላይ የቱን ስም ልጻፍ?" አለች ዘሪቱ።

ቲቸር ብሩሻቸውን ጠረጉና "እንግዲያው የጣሊያን ወረራ ይሁን። የሃያ ስምንቱ። ታንክ ልሥራላችሁ" አሉ። ታንክ መሥራት እንዳማራቸው ከፊታቸው ያስታውቃል።

"ቲቸር፣ አንዱ በአውሮፕላን፣ አንዱ በጎራዴ! ይሄማ ጌም አይባልም፣ ቅጣት ነው።"

"አንተ ደግሞ የራስህን ዘመን ስትመርጥ መድፉን ለማን ሰጠኸው?"

"ለሁለቱም! ለሁለቱም ነበራቸው፤ የታሪክ መጽሐፉን ላምጣ?"

"ከዚያ በፊት ያለውስ?" አሉ ቲቸር፤ "ወደ ደቡብ የተደረገው ዘመቻ። የራሳችን አገር ይታያል፣ ተራራው፣ ኦሞ…"

ዘሪቱ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። "የእኔ ቅድመ አያት በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚቆመው ጋሻ ይዞ ነው ወይስ ታስሮ፣ ቲቸር?"

"ይቅር" አሉ ቲቸር። ከልባቸው ነበር።

"ዘመነ መሳፍንትስ?" አለች እሷ። ወዳው አይደለም፤ በትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ውስጥ ከአንድ ገጽ ስለማይበልጥ ማንም የሚቆጣበት አልመሰላትም።

ኸይሩ ሳቀ። "ዝሪ፣ ሁሉም ነጭ ነው የለበሰው! ሁሉም ጦርና ጋሻ፣ ሁሉም አበሻ። ከላይ ሆነሽ ስታይው የጨው ክምር ነው። ማን ማንን እየወጋ እንደሆነ በምን ይለያል?"

ልክ ነበር። ዘሪቱ ስክሪኑ ላይ ሃያ ነጭ ለባሾችን ካንዱ ጎን፣ ሃያውን ከሌላው ጎን አሰልፋ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ አየችው። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ስትሆን ሁለቱ ጦሮች አንድ ሆኑ። ግን ደግሞ የማይሆን ነገር የማይሆንበትን ምክንያት ካላየች እንቅልፍ አይወስዳትም።

"እኛ አንምረጥ" አለች በመጨረሻ። "ሦስቱንም እንሥራና ቅዳሜ በሦስቱ ኮምፒውተሮች ላይ እንጫን። ገበያተኛው ይጫወት፣ እኛ እንይ።"

"የቱ እንደሚሻል እንጠይቃቸዋለን ማለት ነው?" አለ ኸይሩ።

"አንጠይቅም። ሰው ሲጠየቅ የሚያኮራውን ይናገራል። ሲጫወት ግን የፈለገውን ነው የሚያደርገው።"

ሐሙስና ዓርብ ጭንቅላት ሲነቀልና ሲሰካ ዋለ። ቲቸር ለዘመነ መሳፍንቱ ሰፈር ድንኳኖች ሠሩ፤ ድንኳን ብቻውን ደረቅ ሆነባቸውና ማንም ሳያዛቸው ከኋላው ከብት ጨመሩ። ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ቦቃ፣ ጥቁር፤ የአንዱ ቀንድ ወደ ፊት የዞረ፣ የሌላው የተንጋደደ። ዘሪቱ ለጌጥ ብላ ከየጦሩ ድንኳን ኋላ፣ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠቻቸው። ማውስ ቢጫናቸው ምንም አይሉም፤ እንደ ካርቶኑ ዛፍ ናቸው።

ቅዳሜ ገበያው ደራ። ሰው ሁሉ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ኸይሩ ጋ ይገባል፤ ስልኩ እስኪሞላ መቆም አለበት፤ ቆሞ ከሚጠብቅ ደግሞ ጓዳ ገብቶ ይጫወት። ዘሪቱ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሰዎቹን እንጂ ስክሪኑን አታይም። ማን ለመቀመጥ እንደሚሽቀዳደም፣ ማን ወንበሩን አይቶ እንደሚያፈገፍግ፣ ሲነሳ ምን እንደሚል።

የመጀመሪያው ኮምፒውተር የጌም መክፈቻ ቁልፍ ላይ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ፣ "አሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን" ተብሎ ተጽፏል። ያ ግን ማንንም አላታለለም። ሁለት ጎረቤት ነጋዴዎች፣ አንዱ መስጊድ፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ፣ እየተሳሳቁ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ጨዋታ ቀልድ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ቀልዱ ቀነሰ። በሦስተኛው ተሸናፊው "ኮምፒውተሩ ያደላል" ብሎ ተነሳ። ጓደኛሞች ገብተው ጓደኛሞች ሆነው ወጡ፤ ግን ሲወጡ አልተሳሳቁም። ኸይሩ በሩ ላይ ሆኖ አያቸው። ከዚያ ማንም ሳይነግረው ሄደና ኮምፒውተሩን አጠፋው።

"መጽሐፉን አላመጣህም?" አሉት ቲቸር።

"ተዉኝ ቲቸር" አለ። "ለእኔ ታሪክ ነው፤ ለእነሱ ግን ትናንት ነው።"

ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ሌላ ችግር መጣ። ጣሊያን የሚሆን ጠፋ። ሰው ይገባል፣ የቲቸርን ታንክ ያደንቃል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ አንዱ ወንበር ይሻማል፤ ሌላው ባዶውን ይቀራል። ኸይሩ በመጨረሻ ሶፊያን የሚባለውን የባጃጅ ሹፌር በሚሪንዳ ለምኖ አስቀመጠው። ሶፊያን ተሸነፈ። ደግሞ ተሸነፈ። ዘሪቱ ሂሳቡ የተሳሳተ መሰላትና የጣሊያንን መድፍ አጠናከረች። አሁንም ተሸነፈ። ታንኩን አፈጠነችው። ታንኩ ፈጥኖ ሄዶ ፈጥኖ ተማረከ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ቁጥር ስትለውጥ ቆየች። የጦር ብዛቱም፣ የተኩሱ ርቀትም ሁሉም ልክ ነው፤ ውጤቱ ግን አልስተካከል አለ።

"ዝሪ" አላት ሶፊያን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አትድከሚ። መድፉን ወደ ገደሉ እያዞርኩት ነው።"

"ምን?"

"ሰፈርተኛው ሁሉ ከኋላዬ ቆሞ እያየ ጣሊያን ሆኜ ላሸንፍ? ነገ ማን ባጃጄ ላይ ይወጣል?"

ዘሪቱ ሳቋ አመለጣት። ሁለት ዘመን ሄደ። ሰዓቱ ስምንት ነው፣ ቀኑ ቅዳሜ፤ የቀራት የጨው ክምሩ ብቻ ነበር።

ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ የተቀመጡት ጠዋቱን ሙሉ የራሳቸውን ወታደር ሲወጉ ነበር። ጥሩው ነገር ማንም ወንበር አለመምረጡ ነው፤ ያገኙት ላይ ይቀመጣሉ። መጥፎው ነገር ማንም ሁለተኛ ጨዋታ አለመጠየቁ ነው።

ያኔ ቶላ ገባ። ዲመካ ላይ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ነው፤ የከብት ክትባት ሊወስድ በሚኒባስ መጥቶ ነበር። የቲቸር አብሮ አደግ ስለሆነ ከበሩ ጀምሮ ነው የሚሳደበው።

"መኮ! ሽማግሌ ሆነህ አሁንም ጭቃ ትጫወታለህ?"

"አንተ የሠራኸው በሬ ጊደር ይመስል ስለነበር ነው ሐኪም የሆንከው። ተቀመጥና አሳየኝ እስቲ።"

ቶላ ተቀመጠ፤ ከፊቱ አንድ የቡና ነጋዴ ሌላውን ጦር ያዘ። ዘሪቱ በርጩማዋ ላይ ሆና የቶላን ዓይን ተከተለች። ዓይኑ ሹሙን አላየም። ነፍጠኞቹን አላየም። በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ጥግ፣ ከጠላት ድንኳን ኋላ ወዳሉት ከብቶች ሄዶ እዚያው ቀረ። ከዚያ ፈረሰኞቹን ሁሉ በካርቶኑ ኮረብታ ጀርባ አዙሮ ላካቸው። የራሱ ሹም ሜዳው መሃል ብቻውን ቆመ። ነጋዴው እየሳቀ ከበበው። የቶላ ፈረሰኞች ከብቱ ጋ ደርሰው ዙሪያውን ቆሙ።

"በቃ" አለ ቶላ፣ ማውሱን ለቆ። "አሸነፍኩ።"

"ቋ" አለ ሹሙ። ስክሪኑ ላይ "ተሸንፈዋል" የሚል ጽሑፍ ወጣ።

"ተሸነፍክ እኮ" አለው ነጋዴው።

"ማን? እኔ? ከብትህ በእጄ ነው። ነገ ጠዋት ጦርህ ምን ይበላል፣ ካርቶን?" ወደ ዘሪቱ ዞረ። "እህቴ፣ ይሄ ከብት ለምን አይነዳም? እጫነዋለሁ፣ ዝም ይላል።"

"ጌጥ ነው" አለች ዘሪቱ።

"ከብት ጌጥ ነው?" ቶላ ጓደኛውን አየው። "መኮ፣ ይቺን ልጅ ያስተማርካት አንተ ነህ?"

ሁሉም ሳቀ። ዘሪቱም ሳቀች፤ ከቦታዋ ግን አልተነሳችም። ቀጥሎ የምትቀመጠው ሴት ምን እንደምታደርግ ማየት ፈለገች። ሴትየዋ ወደ ካንጋተን በሚወስደው መንገድ ላይ ሱቅ ያላት ናት፤ የቶላን ጨዋታ አላየችም። ጥቂት ወታደር ወደ ፊት ላከች፣ ቆም አለች፣ ከዚያ ፈረሶቿ ወደ ጥግ ዞሩ። ከሷ በኋላ ከበና አካባቢ የመጣ ወጣት ተቀመጠ። እሱም ወደ ጥግ። አንዱ እንዲያውም ለራሱ ከብት ፈርቶ ግማሽ ጦሩን እንዲጠብቅ አቆመበት። ዘሪቱ ያቀደችው ጦርነት ሹም መግደል ነበር፤ ሰዎቹ ግን ፊት ለፊቷ ሌላ ጦርነት እየተዋጉ ነው።

"ኸይሩ!" አለች ወደ ሱቁ። "ና! ስልኩን ተወውና ና!"

ኸይሩ ቻርጀር በእጁ እንደያዘ ሮጠ።

"በዘመነ መሳፍንት ወታደር ምን ይበላ ነበር?"

"ምን?"

"ደመወዝ ነበረው?"

"የምን ደመወዝ! ከገበሬ ቤት እየገባ፣ በየደረሰበት እየበላ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ከተዋጊው ፈጪዋ፣ እንጨት ለቃሚው፣ አጋሰስ ነጂው፣ ከብት ነጂው ይበዛ ነበር…" ቆም አለ። ስክሪኑን አየ። ቻርጀሩ ከእጁ ወደቀ። "ዝሪ። ስንቁ የተወሰደበት ጌታ እኮ ጦሩ ይበተናል።"

"ወዴት ነው የሚበተነው?"

"ወዴት ይሆናል፣ ወዳበላው! ዛሬ የአንዱ አሽከር፣ ነገ የሌላው። አንዱ መስፍን ማታ ከሱ ጋር የነበረውን ጠዋት ከፊቱ ተሰልፎ ያየዋል።"

"እንግዲያው ሁሉም ነጭ መልበሱ…"

"ልክ ነዋ! አይለይም፤ በዚያ ዘመንም አይለይም ነበር!"

ዘሪቱ ብድግ አለች። ከቲቸር ጠረጴዛ ላይ አንድ የጭቃ ሰው አነሳችና ገለበጠችው። ክቡ መቆሚያ እንደተሠራ ነው፣ ቀለም አልነካውም። "ቲቸር፣ ልብሱን አንቀባም። ይሄን ነው የምንቀባው። የመቆሚያውን ዙሪያ። ቀይ ከሆነ የቀዩን ጌታ እንጀራ በልቷል፣ አረንጓዴ ከሆነ የአረንጓዴውን። ከብቱ ሲነዳበት ግን…"

"ቀለሙ ይለወጣል" አሉ ቲቸር ቀስ ብለው። "ሰውየው ያው ነው፣ ፊቱ ያው፣ ጋሻው ያው። ከእግሩ ሥር ያለው ብቻ ይለወጣል።" ከዚያ ድምፃቸው እየፈጠነ ሄደ። "አንድ ጊዜ አይደለም፤ አንድ በአንድ ይሁን! መጀመሪያ ዳር ያሉት። የራበው ከዳር ነው የሚከዳው።"

"ሹሙ ጋ የቆሙት መጨረሻ" አለ ኸይሩ።

"እንዲያውም አንዳንዱ የማይከዳ ይሁን" አለ ቶላ፣ ሳይጠየቅ ወንበሩን እየጎተተ። "ሁልጊዜ አንድ ግትር አለ።"

ሦስቱም ባንድ ላይ ማውራት ጀመሩ፤ ዘሪቱ ግን አልሰማቻቸውም። ቁጭ ብላ መጻፍ ጀምራ ነበር። ከጀርባዋ ገበያተኛው ስልኩን እየጠየቀ ይጮኻል።

እሑድ ጠዋት ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስብከቱን ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር በኋላ አልሰማችም። አባቷ በጎን አዩዋት። ከመዝሙሩ በኋላ በቀጥታ ወደ ኸይሩ ሱቅ ሄደች።

ከብቱ አስቸገራት። መጀመሪያ እንደ ወታደር በሰልፍ፣ ብድግ ቁጭ እያለ ሄደ። ቲቸር አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ከብት ነው እንጂ ተማሪ ነው? ይጠጋጋ። ፊት ያለው ሲዞር ሁሉም ይዙር። አንዱ ደግሞ ይዘግይ።" ስታስተካክለው ከብቱ ከጠረጴዛው ጠርዝ አልፎ አየር ላይ ሄደ። እንደገና አስተካከለችው። ሰባት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ኸይሩ ከጎረቤት ጄኔሬተር ገመድ ጎተተና በሱቁ ጣሪያ ላይ አሳልፎ አስገባላት። አሥር ሰዓት ሲሆን ቡሬው በሬ ከፊት፣ ዳልቻው ከኋላ፣ መንጋው ተጠጋግቶ ኮረብታውን ዞረ። ዳር ላይ የቆመ አንድ የቀይ ጦር ጦረኛ ትንሽ ቆየ። ከዚያ የመቆሚያው ዙሪያ ቀስ እያለ አረንጓዴ ሆነ። ሳይንቀሳቀስ፣ ፊቱን ሳያዞር። ኸይሩ "ወላሂ ቆዳዬ ሽምቅቅ አለ" አለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የአሳታሚው ተወካይ ስክሪኑ ላይ ታየች። አቢጊያ ትባላለች፤ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ወጣት ናት።

"የላካችሁልኝን አሁን ከፈትኩት፤ ዘመኑን አየሁት" አለች ከሰላምታ በኋላ። "እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልጠበቅሁም። ሁሉም ሰው የሚያውቀውንና የሚኮራበትን ድል ለምን አልመረጣችሁም? እሱ ለመሸጥም ይቀላል።"

ኸይሩ አፉን ከፈተ፤ ዘሪቱ ቀደመችው።

"ጌሙ ሁለት ወንበር አለው። ሁለተኛው ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ ትናንት ቀኑን ሙሉ አየን። ማንም አይቀመጥም። በሚሪንዳ የተቀመጠውም ሆን ብሎ ተሸነፈልን።"

አቢጊያ ፈገግ አለች። "እዚህኛውስ?"

"ሁለቱም ወንበር የራስሽ ወገን ነው። መጫወት ትችያለሽ?"

ጨዋታው በኢንተርኔት ተጀመረ። አቢጊያ ቀዩን ያዘች፣ ዘሪቱ አረንጓዴውን። የአቢጊያ አጨዋወት ጥሩ ነበር፤ ነፍጠኞቿን ኮረብታ ላይ አወጣች፣ ጋሻ ያላቸውን ከፊት አሰለፈች። የዘሪቱ ወታደሮች አንድ በአንድ "ቋ" እያሉ ወደቁ። ኸይሩ ጥፍሩን ይበላል። በሩ ላይ ሰው ቆመ፤ ዘሪቱ ዞር ሳትል ሳሉን ሰምታ አባቷ መሆናቸውን አወቀች። አቶ ለማ የቤተ ክርስቲያን ኮታቸውን እንደለበሱ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ስክሪኑን እያዩ ቆመዋል።

ዘሪቱ ፈረሰኞቿን ጠብቃ ነበር። አሁን ላከቻቸው።

መንጋው ሲነዳ አቢጊያ አላየችም። ያየችው አንዱ ነፍጠኛዋ ከሥሩ አረንጓዴ ሲሆን ነው። "ይሄ ምንድን ነው?" አለች። ሁለተኛው ተከተለ። "ቆይ፣ የእኔ ናቸው እኮ!" ሦስተኛው። ወታደሮቿን ወደ ኋላ ጎተተች፤ ወደ ኋላ የመጡት እየተለወጡ መጡ። በመጨረሻ ሹሟ አጠገብ አንድ ሰው ብቻ ቀይ ሆኖ ቀረ።

በቪዲዮው ጥግ የአቢጊያ ፊት ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

"አንዴ ልድገመው" አለች አቢጊያ።

በሁለተኛው ጨዋታ መጀመሪያ ያደረገችው ከብቷ ዙሪያ ጠባቂ ማቆም ነበር። በሦስተኛው ዘሪቱን አሸነፈቻትና ጮኸች፤ ከጀርባዋ ያሉ የሥራ ባልደረቦቿ መጥተው ማየት ጀመሩ። ከዚያ ነው ወደ ቁም ነገሩ የተመለሰችው።

"ውሉን ነገ እልክላችኋለሁ" አለች። "ግን አንድ ነገር። ሙሉውን ጌም ለመጨረስ ስንት ወር ያስፈልጋችኋል? ሙሉ ጊዜውን የሚሠራበትስ ማን ነው?"

ቲቸር ዘሪቱን አዩዋት። ኸይሩም አያት። እሷ ማንንም አላየችም።

"ስምንት ወር" አለች። "ሙሉ ጊዜዬን እኔ እሠራለሁ።"

ቪዲዮው ሲዘጋ ኸይሩ ቲቸርን አቅፎ ከመሬት አነሳቸው፤ ሦስት የጭቃ ሰዎች ከጠረጴዛው ወደቁ፤ ማንም አላነሳቸውም። ዘሪቱ ተነስታ ወደ በሩ ሄደች።

"አባዬ" አለች። "ነገ አልፈርምም። ጌሙ ሰው አገኘ።"

"አየሁ" አሉ አቶ ለማ። ወደ ስክሪኑ አገጫቸውን ቀሰሩ። "ግን ያ አንዱ ሰውዬ፣ መጨረሻ ላይ ያልከዳው። ከብት የለ፣ ምግብ የለ። ምን ብሎ ነው የቀረው?"

"ሁልጊዜ አንድ ግትር አለ ብለን ነው።"

አቶ ለማ ወንበር ጎትተው ሦስተኛው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡና ኮታቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉ።

"ነገ ጠዋት ግን መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄደሽ በአካል ንገሪያቸው" አሉ፣ ማውሱን እየፈለጉ። "ሰው ቦታ ይዞ ሲጠብቅሽ በስልክ ማስቀረት ነውር ነው። በይ፣ ይሄ በምንድን ነው የሚነዳው?"